የእትዬ ሚቲንግ ጥርስ

በእኛ ቀበሌ የታጨደ ሩዝ ጆንያ የሚገባው እትዬ ሚቲንግ ሲነክሱት ብቻ ነው። ሩዙን የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ እናሰጣዋለን፤ በዚያ ወር ጎረምሶቹ ኳስ የሚጫወቱት በምኞት ነው። እትዬ ሚቲንግ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይመጣሉ፣ አንዲት ፍሬ መንጋጋቸው ላይ ያደርጋሉ፣ እኛ ትንፋሻችንን እንውጣለን። ፍሬዋ "ጥክ" ካለች ደርቋል። ዝም ካለች ፀሐይ መጠበቅ ነው።

ችግሩ ጥርሱ እያለቀ መሆኑ ነበር። ባለፈው መኸር አንዱ ሲሰበር፣ ከላይና ከታች የሚገጥሙ ሁለት ጥንድ ብቻ ቀሩ። የቀበሌያችን ሹም ካፒቴን ሩፊኖ "ለሁለቱ ዘበኛ ልቅጠርላቸው እንዴ?" ብሎ አፌዘ። ማኒላ ያለው የእህታቸው ልጅ ቶቶይ ግን ወሬውን በስልክ ሲሰማ አልሳቀም።

እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ጣሪያው በሚያፈስ የዘንባባ ቅጠል ቤት። ጎርፍ ሲመጣ ሌላው ልጅ ዶሮ ሲያሸሽ፣ እሱ ያረጀ ሬዲዮ በራሱ ተሸክሞ ይሮጥ ነበር። ምህንድስና ሊማር ሲሄድ እትዬ ሚቲንግ ያለቻቸውን አንዲት የእርሻ ጎሽ ሸጡለት። የገዛት ጎረቤት በደጃቸው በነዳት ቁጥር ጎሿ ቀና ብላ ታያቸዋለች፤ እሳቸውም "ታገሺ፣ እየተማረ ነው" ይሏታል።

ተምሮ ኢንጂነር ሆነ። ጥቂት ዓመት ለሰው ተቀጥሮ ሠራ፤ ከዚያ ደመወዙን ትቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል የራሱን ኩባንያ ከፈተ። የሚሠሩት ሩዝ መድረቁን የሚለካ ዘንግ ነው። ሩዙ ውስጥ ይሰካል፤ ሲደርቅ አረንጓዴ ያበራል፣ ለገበሬውም ስልክ መልእክት ይልካል። አክስቱ ሌላ ጥርስ እንዳይሰብሩ ብሎ ያሰበው ነው። ኩባንያው ግን ሊዘጋ ተቃርቧል። ወይዘሮ ቬራኖ የሚባሉ ባለሀብት "የገዛ ቀበሌህ ከተጠቀመበት ገንዘቤን አስገባለሁ። የገዛ ሰውህ ካልተቀበለህ ሌላው ምን ቤት ነው?" አሉት። ለቅዳሜም ሊያዩ ቀጠሩት።

ቶቶይ አርብ ዕለት የቆርቆሮ ብስኩት ተሸክሞ መጣ። ከከተማ ባዶ እጁን ለመጣ ሰው እኛ ሰላምታም በግማሽ ነው የምንሰጠው። ብስኩቱን በላንለት፤ ዘንጉን ግን ጠረጠርነው።

"ኢንጂነር፣" አለ ካፒቴን ሩፊኖ አፉ ብስኩት እንደሞላ፣ "የዘፈን ማሽኔን የጠገንክልኝ ትዝ ይልሃል?"

ማን ይረሳል! ያ ማሽን ለዘፈነ ሰው ነጥብ የሚሰጥ ነው። ቶቶይ በአሥራ አራት ዓመቱ ከጠገነው ወዲህ ለማንም መቶ ይሰጣል። ለካፒቴኑ እንኳ።

"እኔ እኮ እውነት መስሎኝ በዚያ ድምፅ ነው ምርጫ የተወዳደርኩት!"

"የመረጥንህም መዝፈኑን እንድትተው ብለን ነው" አሉ እትዬ ሚቲንግ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ቬራኖ በነጭ ጫማ መጡ። ሜዳው ላይ የተሰጣው የእትዬ ሚቲንግ ሩዝ ነበር። ቶቶይ ዘንጉን ሰካ። አረንጓዴ በራ፤ ስልኩም ጮኸ።

"ደርቋል! ጆንያ አምጡ!"

አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ሁላችንም ወደ ጃንጥላዋ ዞርን። እትዬ ሚቲንግ አንድ ፍሬ አነሱ፣ ነከሱ። ዝም።

"አልደረሰም።"

"አክስቴ፣ መሣሪያው እኮ ደርቋል እያለ ነው።"

"ነክሶታል?"

"አይነክስም፣ ይለካል።"

"ታዲያ በየትኛው ሩዝ ነው ያስተማርከው? ይሄ እኮ የበዓሉ ነው፣ የሚያጣብቀው።"

የቶቶይ ጆሮ ቀላ። ማኒላ ሆኖ የሞከረው በተራ ሩዝ ብቻ ነው። ለበዓሉ ብሎ ቀበሌው በሙሉ በኮኮናት ወተት የሚበስለውን አጣባቂ ሩዝ እንደሚዘራ፣ እዚሁ ተወልዶ፣ ረስቶታል።

እትዬ ሚቲንግ ጃንጥላቸውን በእሱ በኩል ዘንበል አድርገው አንሾካሾኩ። "ከፈለግህ ይከተት። ሻገተም አልሻገተ እንግዳዋ አታውቅም። ጎሿንስ ሸጬልህ የለ?"

ቶቶይ ሩዙን አየ፣ አክስቱን አየ። ጎንበስ ብሎ አንዲት ፍሬ አነሳና ነከሳት። ዝም። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ቬራኖ ዞረ።

"መሣሪያዬ ተሳስቷል። አክስቴ ናት ልክ።"

"ለሩዙም መቶ ሰጠው!" ብሎ ጮኸ ካፒቴኑ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

ወይዘሮ ቬራኖ እጃቸውን ዘረጉ። "እስቲ ለእኔም አንድ ፍሬ።" ነከሱ፣ አዳመጡ። "ምንም አልሰማሁም።"

"እሱ ነው መልሱ የኔ እመቤት" አሉ እትዬ ሚቲንግ።

ሴትዮዋ ሳቁ። መኪናቸው ውስጥ እየገቡ "መሣሪያህ እሳቸው የሚያውቁትን ሲያውቅ ጥራኝ" አሉት።

ቶቶይ ወደ ማኒላ አልተመለሰም። እትዬ ሚቲንግ በየሰዓቱ ይነክሳሉ፣ እሱ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ይለካል፣ ይጽፋል። ረቡዕ ቀትር ላይ "ጥክ!" አለ። ሩዙም፣ ጥርሱም።

ያንን መኸር በአንድ ጥንድ ጥርስ አገባደዱት። ቶቶይም ማኒላ ወስዶ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገጠመላቸው፤ ሲስቁ ካፒቴኑ ዓይኑን በእጁ ይጋርዳል።

በዓመቱ ወይዘሮ ቬራኖ ተጠሩ። ያው ሜዳ፣ ያው አጣባቂ ሩዝ። ዘንጉ አረንጓዴ በራ። እንደገና ሁላችንም ወደ ጃንጥላዋ ዞርን።

"ይንከሱ እንጂ እትዬ፣ አዲስ ጥርስ አለዎት አይደል?" አለ ካፒቴኑ።

"ይሄ ጥርስ የማኒላ ነው፤ አጣባቂውን ከምን ያውቀዋል?" ዘንጉን በጣታቸው ጠቆሙ። "የኔን የተማረው እሱ ነው። ክተቱ!"

ከተትን። ሩዙም አልሻገተም። ወይዘሮ ቬራኖም ገንዘባቸውን አስገቡ። ዛሬ የቶቶይ ዘንግ በአምስት ክፍለ ሀገር ሜዳዎች ላይ ተሰክቷል፣ ኩባንያው ከኪራይ ክፍሏ ወጥቶ አሳንሰር ያለው ሕንፃ ገብቷል። ካፒቴን ሩፊኖም አንድ ነገር ብቻ ለምኖታል፦ የዘፈን ማሽኑን እንዳያስተካክልበት።

ወይዘሮ ቬራኖ በተጠሩበት በዚያ ቀን ጆንያዎቹን በጋሪ የጎተተችው ያቺው ጎሽ ነበረች። በደጃቸው ስታልፍ ቀና ብላ አየቻቸው።

እትዬ ሚቲንግ ግንባሯን አሻሹላት። "በይ፣ ተምሮ ጨረሰ" አሏት።