እየተጣራ ነው

የምሠራው አቃቂ በሰቃ፣ አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከፋብሪካው በታች ወንዝ ዳር ቆስጣ የሚያለሙት እትዬ አሰጋሽ፣ ውሃው ቀለም አለው ብለው ካመለከቱ ዓመት አለፋቸው። በመጡ ቁጥር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍቅሩ የሚሰጧቸው መልስ አንድ ነው፦ «ጉዳዩ እየተጣራ ነው።» በዚህ ግቢ የሚያጣራ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ ማንም ግን አጣሪ ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ካርቶን የምታክል የክሮማቶግራፊ ማሽን ገባችልን፤ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር ለያይታ ታሳያለች። ዛሬ ጠዋት ከእትዬ አሰጋሽ ማሳ አጠገብ ውሃ ቀዳሁ፤ በማጣሪያ አሳልፌ ሰጠኋት። አራተኛው ደቂቃ ላይ ስክሪኑ ላይ አንድ ሹል መስመር ተነሣ። የራሳችንን ሰማያዊ ቀለም ስሰጣትም እዚያው አራተኛው ደቂቃ ላይ ያው መስመር። ከፋብሪካው በላይ የቀዳሁት ውሃ ግን ምንም የለበትም።

አቶ ፍቅሩ አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«በደንብ አላጣራሽውም፣ ሐጀራ። እንደገና አጣሪው።»

ሦስቴ አስደገሙኝ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

«አቶ ፍቅሩ፣ ማጣሪያ የሚይዘው ጭቃውን ነው። የሟሟ ቀለም ሺህ ጊዜ ቢያጣሩት ያልፋል።»

«እስኪጠፋ አጣሪ አልኩሽ!»

ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ከፕሪንተሩ መዝዤ ወጣሁ። እትዬ አሰጋሽ እንደ ልማዳቸው ከጥበቃው ጎን ቆመዋል። አቶ ፍቅሩ ከኋላዬ በስሜ ይጣራሉ፤ አልዞርኩም።

«እትዬ፣» አልኩና ወረቀቱን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ፤ «ጉዳዩ ተጣርቷል። ያውም አራቴ።»