ሰባት ዓመት ተኩል የቀረው ማልት

ሐጂ ጀይሉ ሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት የባለቤቱን ፊት ሳይሆን የዕቃውን ጀርባ ነው። ብስኩት ቢቀርብላቸው ይገለብጡታል፣ የዘይት ጀሪካን ቢያዩ ያዞሩታል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ዕቃውን ከዓይናቸው አርቀው ቀኑን ያነባሉ። ቀኑ ካላለፈ «ቢስሚላህ» ብለው ይቀምሳሉ። ካለፈ ደግሞ ዕቃውን ቀስ ብለው ያስቀምጡና ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ውኃም አይቀምሱም።

የጨፋ ሮቢት ሰው ግን አይፈርድባቸውም። ከዓመታት በፊት ለበኩር ልጃቸው ሰርግ ያቀረቡት ጭማቂ ጊዜው ያለፈበት ነበርና ሙሽራውን ጨምሮ የሰርገኛው ግማሽ ማሽላ ማሳ ውስጥ ሲሯሯጥ ዋለ። ሮቢት ያንን ሰርግ እስከ ዛሬ «የሩጫው ሰርግ» ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ስም የወጣለት ሰው ዕቃ ቢገለብጥ ምን ይገርማል።

እንግዲህ የእኅቴ ልጅ ሱዓድ የምታገባው የእኚህን ሰው የወንድም ልጅ ሆነ። ዘይኑ ይባላል። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደጉት ሐጂ ጀይሉ ናቸው፤ ሮቢት ያለውን ሱቃቸውንም የሚሸጥላቸው እሱ ነው። ለሽምግልና ከሚሴ ሲመጡ እኔም ከሱዓድ አባት ከፈረጅ ጎን ተቀምጬ ነበር። ሐጂ በጥሎሹም በቀኑም አልተከራከሩም። አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ «ጊዜው ያለፈበት ነገር ሰርገኛዬ ፊት እንዳይቀርብ። ከኔም ሱቅ ቀኑ ያለፈ ዕቃ የሸጠ ሰው፣ ያሳደግሁት ልጅ ቢሆን እንኳ፣ በዚያው ቀን ቁልፌን አስረክቦ ይወጣል።»

አማቼ ፈረጅ ከሚሴ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። ሐቀኛ ነው። ለእውነት እንኳ ወላሂ ለማለት የሚሳሳ ሰው ነው፤ በዚህ ላይ ማንም አይከራከረኝም። ርካሽ ነገር ሲያይ ግን ልቡ ይቀልጣል። በታኅሣሥ ወር ለገበያ ሮቢት ወርዶ ወደ ሐጂ ሱቅ ጎራ ይላል። ሐጂ ለዓይናቸው ሕክምና ደሴ ሄደዋል። ሐጂ ሲሄዱ ደግሞ ቀን ማንበቡም አብሯቸው ይሄዳል። ዘይኑ ብቻውን ነው፤ ለአማቱ ምን እንደሚያደርግለት ጠፍቶት ሲቁነጠነጥ ጓዳ የተደረደረው ማልት ትዝ አለውና ለሰርጉ በግማሽ ዋጋ ልስጥዎት አለው።

ፈረጅ የሐጂን ቅድመ ሁኔታ ያውቃልና እሱም እንደ እሳቸው ጠርሙሱን ገልብጦ አነበበ። አሥራ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ይላል። ዓመቱ ሁለት ሺህ ስድስት ነው። አማትና አማች ተያይተው ወሩን ከመስከረም ጀምረው በጣታቸው ቆጠሩ። ሐምሌ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ሊመጣ ሰባት ዓመት ተኩል ይቀረዋል። ፈረጅ ማልቱን በኔው አይሱዙ አስጭኖ ከሚሴ ሲገባ ያገኘውን ሰው ሁሉ አቁሞ ተናገረ። ከሰርጉ የተረፈውን የልጅ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ይጠጣበታል አለኝ። የኔም ጥርጣሬ አልተነሳም፤ እኔ መኪና ነው የምነዳው።

በጥር፣ ሰርጉ ነገ ሊሆን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሱዓድ ሂና ተቀብታ፣ ሁለት እጇ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጣለች። ጠማት። የፈረጅ ታላቅ እኅት ዑሙልኸይር አንድ ማልት ከፍታ ወደ አፏ አስጠጋችላት። ሱዓድ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀን ሳያነብ የማያልፍ ዓይን አላት። ከንፈሯ ጠርሙሱን ሳይነካ ቆመች፣ አክስቷን ወደዚህ አዙሪው አለቻትና አነበበች።

«አባ፣ ይኼኮ በፈረንጅ ነው» አለች። «ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል።»

ፈረጅ አልገባውም። ሲገባው ደግሞ ተናደደ። «ፈረንጅ ከሚሴ ውስጥ ምን አገባው?» አለ።

ሱዓድ ግን አለቀሰች። እጇ ታስሯልና እንባዋን የምትጠርግላት ዑሙልኸይር ነች። ያስለቀሳት ማልቱ አልነበረም። ሐጂ ከየት እንደተገዛ ካወቁ የዘይኑ ነገር አበቃ፤ ሱቁ የእንጀራው ነው፣ ሐጂም እንደ አባቱ ናቸው። የትዳሯ መጀመሪያ ባሏ ከአሳዳጊው ቤት የተባረረበት ቀን ሊሆን ነው። ይህን ሁሉ በለቅሶ መሐል አስረዳችን። ፈረጅ አጠገቧ ተንበረከከና የመጣው ይምጣ፣ የዘይኑ ስም ከአፌ አይወጣም ብሎ ቃል ገባላት።

እኔ በአይሱዙ ኮምቦልቻ በረርኩ። የሱቅ በር ሁሉ አንኳኩቼ ያገኘሁት ለሙሽራው ወገን ብቻ የሚበቃ ነው፤ አዲስ፣ ያኔ የወጣ። አሮጌውን ከነሳጥኑ ጓሮ ወስደን ሸራ አለበስነው። ሳጥኖቹን መደበቅ ግድ ነበር፤ ሐጂ ጀይሉ ገበያ ላይ ከሌላ ሰው ዕቃ እንዳይቀላቀልባቸው ሳጥናቸውን ሁሉ በጎኑ አረንጓዴ ቀለም ይቀቡታል። ለኛ ወገን ብርዝ ይቀርባል ተባለ። ነገሩ አለቀ ብዬ ተኛሁ።

ዑሙልኸይርን ረስቼ ነበር። ዑሙልኸይር የሚያረጅ ሰው ነው እንጂ ጠርሙስ አያረጅም ባይ ናት። ማንም ሳያያት ከሸራው ሥር አንድ ማልት አውጥታ ጠጣችና እስከ መግሪብ ሆዷን ጠበቀች። ሆዷ ምንም አላለም። በማግስቱ ብርዙ ሲያልቅና የኛ ሰው ባዶ እጁን ተቀምጦ ስታይ፣ ማንንም ሳታማክር አሮጌውን ማልት በረዶ ያለበት በርሜል ውስጥ ዘረገፈችው። የጠርሙሶቹ ወረቀት ውኃ ሲነካው እየተላጠ ተንሳፈፈ።

ዳሱ ሙሉ ነበር። ሐጂ ጀይሉ ከሽማግሌዎች ጋር ከፊት ተቀምጠው «አካም ጅርቱ፣ ነጋያ» እየተባለ ሰላምታው አላልቅ አለ። በልተው ሲያበቁ ከኮምቦልቻ ያመጣሁት ማልት ቀረበ። ሐጂ መነጽራቸውን ሰቀሉ፣ ጠርሙሱን አራቁ፣ አነበቡ። የፈረንጁን ወር በጣታቸው አንጓ ቆጠሩና «ማሻአላህ፣ ትኩስ ነው» አሉ። ፈረጅ ከጠዋት ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ።

ከዚያ ቀመሱ። ጠርሙሱን ቀስ ብለው አስቀመጡና ዘንድሮ የቦርከና ውኃ መቀነሱን፣ በልጉም እንዲያው የሚያጠራጥር መሆኑን ማውራት ጀመሩ።

የፈረጅ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ግን ለዚያ ማልት ነው ኮምቦልቻ ድረስ የሄድኩት፤ አልቻልኩም፣ ምን ጎደለው ብዬ ጠየቅኳቸው። ሐጂ ላለማስቀየም ነገሩን አለዘቡት። ቀኑስ ደህና ነው፤ ጣዕሙ ግን ጥሬ ነው፣ ምላስ ይቆነጥጣል እንጂ ጉሮሮ ላይ አይቆይም። እሳቸው ሮቢት የለመዱት ጠቆር ያለ፣ ማር ማር የሚል ነው አሉ። ይህን እያሉ ዓይናቸው ከጎናቸው የተቀመጠው የኛ ሰፈር ሽማግሌ በያዘው ወረቀት የሌለው ጠርሙስ ላይ አረፈ። ሽማግሌው ገባውና «ጀባ» ብሎ ጠርሙሱን ሰጣቸው።

ሐጂ ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ደግመው ጠጡ። «ማልት ማለት ይኼ ነው» አሉ።

አንድ ትልቅ ሰው ካለ አለ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ትኩሱን እየተዉ ወረቀት የሌለውን ይጠይቁ ጀመር። የኔ ማልት በየጠረጴዛው ግማሽ ግማሹ ተጠጥቶ ቀረ። ከምር ከፋኝ። ፈረጅ ግን የበርሜሉ ነገር ገብቶት ዓይኑ ከዑሙልኸይር ወደ ሐጂ፣ ከሐጂ ወደ ዑሙልኸይር ይመላለሳል።

ሐጂ ሁለተኛውን ጨርሰው ሦስተኛውን ሲጨብጡ ልማዳቸው ትዝ አላቸው። ገለበጡት። ወረቀት የለም። አዞሩት፤ የለም። ፈረጅን ጠሩት።

«የዚህ ቀኑ መቼ ነው? አላለፈም፣ ወላሂ በለኝና ልጠጣ።»

አንዲት ቃል ብትወጣ ሁሉም ነገር በሰላም ያልቅ ነበር። እኔ ብሆን ከአፌ ትወጣ ነበር። ፈረጅ ተነሥቶ ቆመ።

«ሐጂ፣ አልፏል» አለ። «ሁለት ወር ሆኖታል። እንዳይቀርብ ጓሮ አስቀምጠነው ነበር፤ ወጣ። ቀኑን ያነበብኩትም የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ።»

«ከማን ነው የገዛኸው?»

በሙሽራው ወንበር ላይ ዘይኑ ላብ በላብ ሆኗል። ከመጋረጃው ጀርባ ሱዓድ እንዳለች አውቃለሁ። ፈረጅ ወደ ሁለቱም አላየም። «የሸጠልኝን ሰው አልናገርም» አለ። «ሻጭ ቢሳሳት ገዢ ዓይን አለው።»

ሐጂ በዚህ ተቆጡ። እንዲህ ያለውን ነጋዴ መሸሸግ ኃጢአት ነው አሉ። ይህን ለሰው የሸጠ ሰው አላህን አይፈራም፣ ሱቁ ሊታሸግ ይገባል፣ ሮቢት ቢሆን ኖሮ እሳቸው ራሳቸው በገበያ መሐል ያሳፍሩት ነበር አሉ። ፈረጅ አንገቱን ደፍቶ በሰው ፊት ይሰማል። ልጁን የሚድረው ሰው በገዛ ዳሱ እንደ ሌባ ሲቆም ማየት ያማል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ በዚያ በማንም ባልተፈለገው ማልቴ ዋጥኩት።

ይህን ጊዜ ዑሙልኸይር ምንም ሳትሰማ ከጓሮ መጣች። ሐጂ ማልቱን እንደወደዱት አሳላፊዎቹ ነግረዋታልና አንድ ሙሉ ሳጥን ታቅፋ፣ ሰውን እየገፋች ገብታ እግራቸው ሥር አኖረችው። «ጀባ፣ ሐጂ። ጓሮው ሙሉ ነው፣ አብሽሩ» አለቻቸው።

ሐጂ ሳጥኑን አዩት። አረንጓዴው ቀለም በጎኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሥሏል። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ዘይኑን አዩት፤ ዘይኑ ጫማውን ያያል። ፈረጅን አዩት፤ ፈረጅ የዳሱን ምሰሶ ያያል። ፈረጅ ስድቡን ሁሉ ተሸክሞ ዝም ያለው ለማን ብሎ እንደሆነ ሲገባቸው በዓይኔ አየሁ። አሁን ልጁን ያባርሩታል አልኩ።

ሐጂ ጀይሉ የጋቢያቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው ሳጥኑ ላይ ጣሉት። አረንጓዴው ተሸፈነ።

«ቀኑ ስንት ይላል አልከኝ?» አሉ ፈረጅን።

«አሥራ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት።»

«በማን አቆጣጠር?»

«በፈረንጅ።»

ሐጂ ሦስተኛውን ጠርሙስ አነሱና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ፈረንጅ ከሚሴ ውስጥ ምን አገባው?» አሉ። «በኛ ሰባት ዓመት ተኩል ይቀረዋል። ቢስሚላህ።»

ጠጡ። ዳሱም አብሯቸው ጠጣ። በዚያ ቀን ወደ ማሽላ የሮጠ ሰው አልነበረም።

ሙሽሮቹ ሊሄዱ ሲሉ ሐጂ የፈረጅን እጅ ይዘው በጆሮው አንድ ነገር አሉት። ፈረጅ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። ምን አሉህ ብዬ እስከ ዛሬ እነዘንዘዋለሁ፤ «ዝም አይነቅዝም» ይለኛል እንጂ አይነግረኝም። የተረፈውን አሮጌ ማልት ደግሞ ሐጂ ራሳቸው ይጣላል ብለው በኔ አይሱዙ አስጭነው ሮቢት ወሰዱት።

ከሰርጉ ትንሽ ቆይቶ እህል ልጭን ሮቢት ወረድኩና ሱቁ ጋ ቆምኩ። ቁልፉ በዘይኑ ወገብ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሱዓድ ደንበኛ መስላ ትገባና ዕቃውን አንድ በአንድ እየገለበጠች ታነባለች። ሐጂ ጀይሉ ጥላው ሥር ተቀምጠው ወረቀት የሌለው ጠርሙስ ይዘዋል። አንዱን ከፍተው «ጀባ» አሉኝ።

«ሐጂ፣ የዚህ ቀኑ መቼ ነው?» አልኳቸው።

ጠርሙሱን ቀስ ብለው እጄ ላይ አደረጉልኝና ዘንድሮ በልጉ ደህና እንደገባ ያጫውቱኝ ጀመር።