ጎሉ ሲገባ ይሰማዎታል

«ክፍያ የለውም፤ ሥራ ግን ሞልቷል» አለች ኢቲዳል፣ ኮሌጁ ግቢ ማንጎው ሥር ለሰበሰበቻቸው ሁለት ሰዎች።

«ምንድን ነው ሥራው?» አለ ዲሽ ተካዩ ሻዕባን።

«ይቺ የቲቪ ካርድ ኮምፒውተሩን ቴሌቪዥን ታደርገዋለች። ግን የምትታዘዘው ለዊንዶውስ ብቻ ነው፤ የኛ ኮምፒውተሮች ደግሞ ሊኑክስ ናቸው። ድራይቨሯን፣ ካርዷን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ እንደገና ጽፈን እናስገብራታለን።»

«ከዚያስ?»

«ኳሱን እዚሁ ግቢ በነፃ እናሳያለን። እያስከፈለ የሚያሳየው ገበየሁ ባዶ አዳራሹን ታቅፎ ይቀመጥ።»

ሁለቱም ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉ።

ክልሉም ኮሌጁም ገና አዲስ ነበሩ፤ በአሶሳ ያረጀ ነገር ቢኖር በገበየሁ ላይ የተያዘው ቂም ነው። ኢቲዳል ሰው ስትመለምል ምን ታውቃለህ ብላ አልጠየቀችም፤ ገበየሁ ከኳስ ቤቱ አባሮህ ያውቃል ወይ ነው ያለችው። ሻዕባን የተባረረው የሌላውን ቡድን ደግፎ ነው፤ የሒሳብ አስተማሪው ወንድምአገኝ ደግሞ ኮሜንታተሩን ጮክ ብሎ ሲያርም። እሷን ከፍላ ከተቀመጠችበት «ሴት ልጅ ኳስ ምን ያደርግላታል? ወንበሩን ለሰው ልቀቂ!» ብሎ አስነሳት። የዓምናውን የዋንጫ ጨዋታ ከቆርቆሮው ውጭ ቆማ ጨረሰችው፤ ጩኸቱን ሰማች፣ አንድም ጎል አላየችም።

በጎ ፈቃደኞች ተባሉ እንጂ በጎ ነገር ያሰበ በመሃላቸው አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ የካርዷ ድምፅ መጣ። ስክሪኑ ግን እንደ ከሰል ጠቁሮ ቀረ።

«ወላሂ፣ ሬዲዮማ እናቴም አላት!» አለ ሻዕባን።

የዘንድሮው ዋንጫ በሚደረግበት ቀን ጠዋት ወንድምአገኝ ድራይቨሯ ውስጥ የተሳሳተች አንዲት ቁጥር ለወጠ። የዜና አንባቢዋ ፊት ቦግ አለ። ሻዕባን ስክሪኑን ሳመው።

ከሰዓት በኋላ ገበየሁ ራሱ ባርኔጣውን አውልቆ መጣ።

«ልጄ ኢቲዳል፣ ኳሱን የማሳይበትን ኮምፒውተር ቫይረስ በላው። የካርዱ ሲዲም የት እንደገባ እንጃ። ያንቺው ዓይነት ካርድ ነው አሉኝ፤ ሰው ሊገባብኝ ነው፣ ድረሽልኝ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሽዬ? ሴት ልጅ ነኝ።»

ገበየሁ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ።

«ለማንኛውም የኛ ሥራ ለሁሉም ነፃ ነው» አለች። «ለጠየቀ መስጠት ደንባችን ነው።»

ወንድምአገኝ ጎትቶ ወደ ጓዳ አስገባት። «አበድሽ? የለፋነው ለዚህ ነው?»

መሳቢያውን ከፈተች። ሊኑክሱንና ድራይቨሯን አንድ ላይ የያዙ ሁለት ሲዲዎች ነበሩ፤ አንዱ የዛሬ ጠዋቱ፣ አንዱ ስክሪኑ ገና ሳይበራ የተቀዳው። የጠዋቱን አነሳች፣ ጥቂት አየችው፣ መልሳ ቆለፈችበት።

«ሻዕባን፣ ወንበሮቹን ግቢው ላይ ደርድር» አለችና ሌላኛውን ይዛ ወጣች። ለገበየሁ በሁለት እጇ አቀበለችው።

«ይኸው ጋሽ ገበየሁ። ምስሉ ለነገ ይደርስልዎታል፤ ድምፁ ግን አንደኛ ነው። ጎሉ ሲገባ ይሰማዎታል።»