የመረጃ ሰው

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የደረሰኝ ትምህርት ማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተም ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች «እናንተ ማኔጅመንቶች» ይሉናል፤ የማኔጅመንት ልጆች ደግሞ «እናንተ ኮምፒውተሮች»። ሁለቱም የማንም አይደላችሁም ለማለት ነው። አልተከፋሁም። ሃንድአውት ሸምድዶ ከማለፍ በቀር ሌላ የማያውቅ ሰው ሲንቀኝ እኔም መልሼ እንቀዋለሁ።

ችግሩ አማርኛው ነበር። ሶዶ ውስጥ «ምን ትማራለህ?» ላለኝ ሁሉ እንግሊዝኛውን ስነግረው ፊቱ ባዶ ስለሚሆንብኝ «የመረጃ ሥርዓት» ማለት ጀመርኩ። ጎረቤት ጎረቤቱን በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ በሚገመግምበት ዘመን «መረጃ» ሲባል ሰው ጆሮ ምን እንደሚገባ ሳላስብ ቀረሁ። መረጃ ማለት ሻይ ቤት ጥግ ጋዜጣ ገልጦ የሚቀመጥ፣ የራሱን ስም ሳይናገር የሁሉን ስም የሚያውቅ ሰው ነው።

መመረቂያዬ ሲደርስ ፕሮጀክቴን በመምህራን ዝውውር ላይ ልሠራ ወሰንኩ። ምክንያቴ እህቴ አሳየሽ ነበረች። ከሶዶ በራቀ ወረዳ ታስተምራለች፤ የወረዳውን ስም አልጠራም። ባሏ ደገፉ ወንጌላዊ ስለሆነ ሶዶ ያለችውን አጥቢያውን ትቶ መሄድ አይችልም። ልጃቸው አማቷ ዘንድ ያድጋል። አርብ አርብ በሚኒባስ ተጋፍታ ስትመጣ ልጁ ከአያቱ ቀሚስ ሥር ይገባና «አሳየሽ መጣች» ይላል፣ እንደ ጎረቤት። «አዬ» ብሎ፣ እናቴ ብሎ የሚጠራው አያቱን ነው። እሷ በየዓመቱ ዝውውር ትጠይቃለች፤ እነሱም በየዓመቱ «በሂደት ላይ ነው» ይሏታል። ማመልከቻ ገብቶ የት እንደሚቆም የሚያሳይ ሥርዓት ብሠራ፣ ቢያንስ ማን እንደተቀመጠበት ይታወቃል ብዬ አሰብኩ።

እህቴ ወዳለችበት ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ የተቀመጠበት አቶ ሶርሳ ነበር። ማዕረጉ «የሥራ ሂደት ባለቤት» ይባላል። ሥራውም ሂደቱም አይታዩም፤ ባለቤትነቱ ግን ከበር ጀምሮ ይታያል። ፍላሽ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ዳንቴል ለብሶ፣ በላዩ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። ያ ፍላሽ ያንን ኮምፒውተር ነክቶት እንደማያውቅ እምላለሁ።

«ምን ፈለግህ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ስለ መምህራን ዝውውር ልጠይቅ ነው። ከመረጃ ሥርዓት...»

«ትምህርት ክፍል» የሚለው ገና አፌ ውስጥ እያለ ብድግ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ በፍጥነት የተከበርኩበት ቀን የለም።

«ይቀመጡ ጌታዬ፣ ይቀመጡ!» አለና ወንበሩን በመሐረቡ ጠረገልኝ።

«ተማሪ ነኝ» አልኩት።

«ይገባኛል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተማሪ ነዎት።»

የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ አውጥቼ ዘረጋሁለት። ማህተሙን ሲያይ ጭራሽ ባሰበት። መታወቂያዬን አሳየሁት፤ አላነበበውም። በእግዚአብሔር ስም ማልኩለት። በማልኩ ቁጥር ይበልጥ አመነ፤ እውነተኛ ተማሪ ለምን ይህን ያህል ይምላል ብሎ መሆን አለበት።

«እሺ፣ ማመልከቻዎች የሚዘገዩት የት ላይ ነው?» አልኩ፣ ከመጠይቄ ላይ እያነበብኩ።

«እኔ ጋ አይደለም!» አለ። «እኔ ጋ አንድም አይቆምም። ቦልቴ ነው። ቦልቴን ይዩት።»

ቦልቴ ጎረቤት ቢሮ ያለው ባልደረባው ነው። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ከቁርስ ቤት ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። አቶ ሶርሳ ሳልጠይቀው ቦልቴ በስብሰባ ላይ ምን እንዳለ፣ ከስብሰባ በኋላ ምን እንዳለ፣ በማን ላይ እንደሳቀ አንድ በአንድ ዘከዘከልኝ። እህቴን ስንት ዓመት በር ላይ ያቆማት ይህ ነው? የምትፈራው ይህን ነው?

«ለመሆኑ በወረዳችን የሚያውቁት ሰው አለ?» አለኝ በመጨረሻ።

«እህቴ እዚህ ታስተምራለች። አሳየሽ ትባላለች።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «አሳየሽ! አሳየሽ እኮ በጣም ጎበዝ ነው! ታታሪ ነው!» አለ። በድንጋጤ እህቴን ወንድ አድርጓት አረፈ።

በሳምንቱ የአሳየሽ ዝውውር ተፈቀደ። ደውላ በስልክ እልል አለችልኝ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ኮምፒውተር እንኳ ሳልከፍት ሥርዓቴ ሠራ። ስለ አቶ ሶርሳ ፍርሃት ለጓደኞቼ ስንት ቀን አወራሁ፤ ድምፁን እያስመሰልኩ፣ ወንበሩን እየጠረግሁ። እሷም ሶዶ ገባች፤ ልጇንም ወሰደች። ልጁ ሁለት ሳምንት አኩርፎ፣ በሦስተኛው እሷንም «አዬ» ማለት ጀመረ።

ከዚያ እሁድ ቀን ለምሳ ጠራችኝ። ቆጮ በአይብ አቀረበችና ራሷ ሳትበላ ተቀመጠች። ከስታለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም። መምህራን ክፍል ስገባ ጸጥ ይላሉ። ስለ ደሞዝ ሲያማርሩ ከውጭ እሰማቸዋለሁ፤ ስገባ ስለ አየሩ ያወራሉ። ከዚያ ወረዳ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል።» ጣቷን እያፍተለተለች ቀጠለች። «የደገፉ የጸሎት ቡድንም ቤታችን መምጣት አቁሟል። ዓመለወርቅ እንኳ፣ እዚያ አንድ ክፍል ተከራይተን አብራኝ የኖረችው፣ ልትሸኘኝ አልወጣችም። 'የእናንተ መንግሥት ለእናንተ ይሁን' አለችኝ በመስኮት።»

«ደደቦች ናቸው!» አልኩ። ደሜ ፈላ። «አንድ ቃል ሰምተው የሚርበደበዱ ፈሪዎች። አንቺ ምን አገባሽ? ዝውውርሽን አግኝተሻል፣ ልጅሽን አግኝተሻል። ይሄን ሁሉ ከንቱ ንቀሽ ተዪው።»

አሳየሽ ተነስታ በሩን ዘጋች። ደገፉ ከልጁ ጋር ጓሮ ነበር፤ ድምፃቸው ይሰማል። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች።

«ሚልክያስ፣ እኔ አልፈርድብህም» አለች። «ለማንም አልናገርም፤ ለደገፉም። ግን ስለ ዓመለወርቅ አሁን ያልኩህን... ተናድጄ ነው። እንዳትጽፍባት። ልጆች አሏት።»