በወንድሟ አፍ

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ፍርድ ቤት የሄደችው «አልፈቅድም» ልትል ነበር፤ ሌላ ጉዳይ የላትም። ልጇ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ የቤቱ አዛዥ የሆነው አጎቷ፣ የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም፣ ሚስቱ ለሞተችበት ነጋዴ ሊድራት ቆርጧል። ታዲያ እናት ካልፈቀደች ዳኛ አያጸድቅም ተባለ። ልብስ ሰፊዋም የችሎቱን ቋንቋ በስፌት መኪና ጩኸት መሀል ከፋብሪካ ጓደኞቿ ስትለቃቅም ከረመች። «ኧረ ዳኛውን በሳቅ እንዳትገድዪው!» እያሉ ያሾፉባታል፤ እያሾፉም ያስተምሯታል።

የእነሱ ወገን በአገሩ ጥቂት፣ ቋንቋውም የብቻው ነው፤ ወጉ ግን ጥብቅ ነው። ወንድ በችሎት፣ ሴት በማጀት! ሴት ዳኛ ፊት ከቀረበች የምትናገረው በወንድሟ አፍ ነው።

ዳኛዋን ስታይ «ተመስገን፣ ሴት ናት» አለች በልቧ። ዳኛዋም ክፉ ሰው አይደለችም። ምነው ክፉ በሆነች! ክፉን ሰው ይጠነቀቀዋል። የጥቂቶችን ባህል ስለማክበር ስልጠና ወስዳለች፤ የወሰደችውንም አልረሳችም።

«እናትየው ምን ይላሉ?» አለች፣ ወንድምየውን እያየች።

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። «ክብርት ዳኛ፣ እኔ ራሴ...»

«አይዞዎት እህቴ፣ ይቀመጡ። እዚህ ማንም ወግዎን እንዲጥሉ አያስገድድዎትም። ወንድምዎ ይናገሩልዎት።»

ወንድምየው ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ ፈቅዳለች። መርቃለችም።»

ያኔ ደሟ ፈላ። ስንት ወር የለቀመችው ቋንቋ ብን ብሎ ጠፋባትና በእናቷ ቋንቋ ጮኸች፣ «ውሸቱን ነው! ልጄን አልሰጥም!» እንባዋም ዱብ ዱብ አለ። በችሎቱ ውስጥ ከወንድሟ በቀር ቋንቋዋን የሚሰማ አልነበረም።

«ምን አሉ?» አለች ዳኛዋ።

«ደስታ ነው ያስለቀሳት፣ ክብርት ዳኛ።»

ዳኛዋ የራሷንም ዓይን ጠረገችና ፈረመች። ከዚያ ከወንበሯ ወርዳ ልብስ ሰፊዋን እቅፍ አደረገቻት። «እንኳን ደስ አለዎት» አለቻት። ወይ ጉድ! ከልቧ እኮ ነው።

ልጅቷ ደብተሯን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እማ፣ ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው፣ ልጄ» አለቻት።