በክታብ የመጣው ፕሮሰሰር

ወላሂ፣ ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ቅንጣት ውሸት ካለበት የደቻቱ ጎርፍ ከነጫማዬ ይውሰደኝ።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ሀዎ የምትባል ሴት ኮምፒዩተር ነበራት። ያውም ዛሬ ላፕቶፕ የሚሉት፣ እንደ ሻንጣ የሚታጠፈው። ባልዋ ዓደን ይሠራለት የነበረ አንድ ግሪክ ነጋዴ አገር ጥሎ ሲሄድ በደሞዝ ፋንታ ሰጥቶት ነው። ማሽኑ ያኔም አርጅቶ ነበር። ሂሳብ ከሰጡት፣ ምሳ በልተው፣ ተኝተው ሲነሱ ነው መልሱ የሚገኘው። ዓደን ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ሲወርድ ማሽኑ ከሀዎ ጋር ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ በየጫት በርጫው ሲያስቀምጠው፣ ሀዎ ክዳኑን ትከፍታለች። ማንበብ አታውቅም። የምታየው ብልጭ ድርግም የምትለውን አንዲት ትንሽ መስመር ነው። ዓደን፣ ይህቺ ትእዛዝ እየጠበቀች ነው ብሏት ነበር። ሀዎም ጉንጯን ተደግፋ አብራት ትጠብቃለች።

አንድ ቀን የኮንትሮባንድ ነጋዴዋ በድሪያ ከጅቡቲ ባቡር ወርዳ በቀጥታ ሀዎ ቤት መጣች። ዓደን ቃል ልኮባታል። አዲስ ፕሮሰሰር ልኬአለሁ፤ የማሽኑ አንጎል ማለት ነው፤ አብሮ አደጌ በድሩ ይየው። በአሮጌው ቦታ ገብቶ ከሠራ፣ መጥቼ ለነጋዴዎች ሂሳብ የምሠራበት ሱቅ መጋላ ውስጥ እከፍታለሁ። ካልሆነ ወደቡ ላይ ቋሚ ሥራ ሰጥተውኛል፣ እዚሁ እቀራለሁ፣ ብሏል።

በድሪያ ይህን ብላ ከአንገቷ የቆዳ ክታብ አወለቀች። ፕሮሰሰሩን እዚያ ውስጥ ሰፍታዋለች። ጣቢያ ላይ ፈታሹ ዕቃዋን ሁሉ አገላብጦ ክታቡ ጋ ሲደርስ፣ ራሱን እንዳመመው ነግሯት ግንባሩን አስነክቶ አሳለፋት። ራስ ምታቱም እዚያው ለቀቀው።

ችግሩ ሌላ ነው። በድሪያ ሲጋራውን በወገብ፣ ጨርቁን በጭን ማሰር የለመደች ሴት ናት፤ ዕቃ ከገላዋ ጋር ልክክ ካላለ ጉዞ አይሆንላትም። የፕሮሰሰሩ መርፌ መሳይ እግሮች ደረቷን ሲወጓት አንድ በአንድ አጣጥፋ ሰፋቻቸው።

ሬዲዮ ጠጋኙ በድሩ፣ የዓደን አብሮ አደግ፣ ክታቡን በምላጭ ተርትሮ ውስጡን ሲያይ ሳቁ መጣ።

"አቦ በድሪያ፣ የወጋሽን ሁሉ እንዲህ የምታጣጥፊ ከሆነ ባልሽ እንዴት ሆኖ ይሆን?"

"ባሌማ ከዚህ ብሶ ታጥፏል" አለችው።

በድሩ አሮጌውን ነቅሎ ሁለቱን ጎን ለጎን በጀርባቸው አስተኛቸው። የእግሮቻቸው ቁጥር እኩል ነው፤ ጫፋቸው ላይ ያለችው ጎድጓዳ ምልክትም አንድ ናት።

"ልኩስ ልኩ ነው" አላት ለሀዎ። "ግን መብራት ስንሰጠው ካልተስማማው ማሽኑን ያቃጥለዋል። ያቺ የምታይያት መስመርም አትኖርም።"

ሀዎ ማሽኑን በመዳፏ ዳበሰችው። ከተቃጠለ ዓደን ይቀራል፣ መስመሯም ትጠፋለች፤ የምትጠብቅበት ነገር እንኳ አይኖራትም።

"አስገባው" አለች።

በድሩ እግሮቹን በመቆንጠጫ አቃና፣ አቃና፣ የመጨረሻዋ እጁ ላይ ተሰበረች። ከሞተ ሬዲዮ ቀጭን ሽቦ ቆርጦ በየደላት። ከዚያ ፕሮሰሰሩን ቦታው ላይ አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ተጫነውና መብራት ሰጠው። የማሽኑ መስኮት ጠቁሮ ቆየ። ሀዎ የበድሪያን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። መስመሯ ብልጭ አለች። በድሩ አንድ ረዥም ሂሳብ ሰጠው፤ ጣቱን ሳያነሳ መልሱ መጣ።

"ገብቷል በይው" አለቻት ሀዎ ለበድሪያ። "አሁን የቀረው እሱ ብቻ ነው በይው።"

በድሪያ ቃሉን ይዛ ጅቡቲ ወረደች። በሚቀጥለው የጅቡቲ ባቡር ቀን ሀዎ ሂናዋን ተቀብታ ጣቢያው በር ላይ ቆመች። ሲሄዱ ቀጫጭን የነበሩ ሴቶች ወፋፍረው ወረዱ። ሻንጣው ወረደ፣ ጆንያው ወረደ። ከሁሉም ኋላ ዓደን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወረደና፣ "እውነት ሠራ?" አላት።

እንግዲህ ምያለሁ። ክታቡ እውነት ነው፣ የሽቦዋ እግር እውነት ናት፣ የፈታሹ ራስ ምታትም እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዓደንን መውረድ። ባቡሩ ባዶ ቀርቶ፣ ኩሊዎቹ ሄደው፣ ሀዎ ገና እንደቆመች ነበር። እዚያ ትቻት መሄድ አቃተኝ።