ሣሩ ሲዘጋ የቀረችው

ሣሩ በተዘጋ ቀን ትሁት ውስጥ ቀረች።

የአገሩ ደንብ ግልጽ ነው። ጓሳ የሚባለው የክዳን ሣር የሚበቅልበት የጋራ ሜዳ ሲዘጋ የሣሩ ዳኛ ጋሽ ተክለወልድ ኮረብታው ላይ ቆመው «ያለ ሰው ይውጣ!» ብለው ሦስት ጊዜ ይጣራሉ። ከዚያ ወዲያ ሣሩ ለማጭድ እስኪደርስ ሰውም ከብትም አይገባም፤ አይወጣምም። ትሁት ጥሪውን ሰምታለች። ግን ሥራዋ የሣር ጥናት ነውና የብረት ማዕቀፏን መሬት ላይ ጥላ በውስጡ የበቀለውን ትቆጥር ነበር። ቁጥሩ እንዳይጠፋባት ብላ አልተነሳችም።

እናቷ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሊወስዷት ሄዱ። ትሁት ወደ እናቷ ስትራመድ ሜዳውም አብሯት ይራመዳል፤ ድንበሩ አንድ እርምጃ እንደቀረው ነው።

«ምናለ ሲጠሩሽ ብትወጪ?»

«እየቆጠርኩ ነበር፣ እማዬ።»

«አይ አንቺ! ጋቢ እንኳ ልወርውርልሽ።»

ጋቢው ድንበሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ይጠይቋታል። ከገደሉ ማዶ ለገብስ የታረሰው መሬት አፈሩ በጎርፍ ሄዶ ድንጋዩ አግጥጧል። እዚህ ግን ሣሩ ከትሁት ጉልበት አልፎ ወገቧ ደርሷል። «ዛሬ ደግሞ አዲስ ዓይነት አገኘሁ» ትላለች፤ ደስ ብሏታል። ድምፅዋ በየሳምንቱ ይርቃል።

የቤታቸው ጣራ ማፍሰሱን ወይዘሮ ዘነበወርቅ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። የከበዳቸው ብቸኝነቱ ነው። ለአንድ ሰው የተሠራ ሽሮ ይጣፍጣል የሚል ካለ ይምጣና ይቅመሰው። በመጨረሻ ዳኛው ዘንድ ሄዱ።

«ጋሼ፣ ሜዳውን ይክፈቱልኝ።»

«ሣሩ አልደረሰም፣ ዘነቡ።»

«ልጄ እኮ ናት!»

«አውቃለሁ። ሳይደርስ ከተከፈተ እሷም ሳትደርስ ትቀራለች። አንድ ክረምት ታገሺ።»

አልታገሡም። በየቤቱ እየዞሩ አለቀሱ። የእርሻ መሬት ያነሰውም ሁሉ አብሯቸው ጮኸ፤ ዳኛው ብቻቸውን ቀሩና ሜዳው ተከፈተ። መንደርተኛው ማጭዱን ይዞ ገባ፤ ጥግ እስከ ጥግ ታጨደ። ትሁት የለችም። የተገኘው ማዕቀፏ ነው፤ በውስጡ ሣር ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። ያንን አጭደው ለእናቷ ሰጧቸው። ማንም አልወቀሳቸውም፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነበር። ሜዳው በሳምንቱ ታረሰ።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ በሣሩ የሚያፈሰውን የጣራቸውን ቦታ አስከደኑ። ክረምቱ ሲገባ ቤቱ አላፈሰሰም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን ከክዳኑ ውስጥ ቀስ ያለ ድምፅ ይቆጥራል። ጥቂት ይሄድና ይጠፋበታል፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ወንበራቸውን ከሥሩ አድርገው ያዳምጣሉ። ሽሮም የሁለት ሰው መሥራት ጀመሩ።

ክዳኑ ለመለመ። ወርዶ ወርዶ መስኮቱን ጋረደ፤ በሩም ላይ ደረሰ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ጋሽ ተክለወልድ ደጁ ላይ ቆመው «ያለ ሰው ይውጣ!» ብለው ሦስት ጊዜ ተጣሩ።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሰምተዋል። ግን ቆጠራው ያን ዕለት ከወትሮው ርቆ ሄዶ ነበር፤ ልጃቸው ቁጥሩ እንዳይጠፋባት ብለው አልተነሡም።